የአንድ ደቂቃ አማካይ

ቁጥሩ ቶሎ ደረሰ።

ቆቅ ይህን ያየችው ከመኪና ሚዛኑ ሥር፣ ከጥገና ጉድጓዱ ውስጥ ሆና ነው። ከራሷ በላይ ወፍራም የብረት ወለል አለ፤ ወለሉ ላይ አንድ ከባድ መኪና ገና አሁን ወጥቶ ቆሟል። ከሚዛኑ ሳጥን ጋር ባያያዘችው ትንሽ ማሳያ ላይ ቁጥሩ ከዜሮ ተነሥቶ ዓይን ጨፍነው ሳይገልጡ ላይ ደረሰ። መድረስ የነበረበት ግን ደቂቃ ሙሉ እየተንፏቀቀ ነው።

አጠገቧ ጉልበቱን አቅፎ የተቀመጠው ኢንጂነርም አየው። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ማን ነካው?» አለ በሹክሹክታ።

«አንተ አይደለህም?»

«እኔ ከንጋት ጀምሮ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ነኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሚዛኑ ወለል ሥር ያሉት መለኪያዎች በሴኮንድ ብዙ ጊዜ ክብደት ያነባሉ። ሞተር ሲንቀጠቀጥ፣ ነፋስ ሲገፋ፣ ንባቡ ሁሉ ይለያያል፤ አንዱ ይበዛል፣ አንዱ ያንሳል። ስለዚህ ሳጥኑ ውስጥ ያለችው ጥፍር የምታህል ኮምፒውተር፣ ማይክሮ ኮንትሮለሯ፣ የመጣላትን ቁጥር እንዳለ አታሳይም። ያለፈውን የአንድ ደቂቃ ንባብ ትይዛለች፣ ትደምራለች፣ ታካፍላለች፤ አዲስ ሲመጣ የድሮውን ታስወጣለች። እንደ ጥሩ ሽማግሌ ናት፤ አንዱ ስለጮኸ ብቻ አትፈርድም። ሽማግሌ ደግሞ ፍርዱ ይዘገያል። ቆቅ የፈለገችውም መዘግየቱን ነበር።

ፋብሪካው በወረቀት የቀለም ፋብሪካ ነው። ምድር ቤቱ ግን ሌላ ነገር ይሠራል፤ ሰው ሲተነፍሰው የሚገድል ጋዝ። ኢንጂነሩን ለሚዛንና ለመለኪያ ብለው ቀጥረውት፣ ምድር ቤቱን ካየ በኋላ ከግቢው አላስወጡትም። በዓይኑ አይቶ ሊመሰክር የሚችል እሱ ብቻ ነው። ዛሬ ካልወጣ ነገ አይኖርም፤ ይህን እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች።

ቆቅ እዚህ ቤት የመለኪያ ጥገና ሠራተኛ ናት። ቆቅ የሚለውን የምስጢር ስሟን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ከዚህ ግቢ የሚወጣ መኪና ሁሉ ይመዘናል። ጠዋት መለዋወጫ ያራገፈችው ትንሿ የጭነት መኪና በመውጫዋ ስንት መመዘን እንዳለባት የታወቀ ነው፤ ባዶ መኪና፣ ሾፌሩ፣ እና ዕቃ ልትገዛ አብራው የምትወጣው ቆቅ። ከዚያ በላይ አንድ ሰው የሚያህል ከተጨመረ ቀይ መብራት ይበራል። ዕቅዱ ቀላል ነበር። መኪናዋ ሚዛኑ ላይ ትቆማለች፤ አማካዩ ደርሶ ሊረጋ ሲል ኢንጂነሩ በወለሉ ክዳን ወጥቶ፣ ትርፍ ጎማዋ ከወለቀበት ማቀፊያ ውስጥ ይጋደማል። ሚዛኑ ነገሩን እስኪሰማ አረንጓዴ በርቶ፣ በር ተከፍቶ፣ እነሱ ሄደዋል።

አሁን ግን ሚዛኑ ቶሎ ይሰማል። ደቂቃውን አንድ ሰው አሳጥሮታል።

ስለ ደቂቃዋ ዕቅድ የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ናቸው። እሷ። ኢንጂነሩ። እና አጎቷ።

አጎቷ የእናቷ ወንድም ነው። እናቷ ስትሞት እጇን ይዞ ከቀብር የመለሳት፣ ያስተማራት፣ ኋላም ወደዚህ የስለላ ሥራ ያስገባት እሱ ነው። ከየግቢው የምትልከውን ወሬ የሚቀበል፣ የት ሂጂ የት ተመለሺ የሚል አለቃዋም እሱ። ያስተማራት የመጀመሪያ ነገር ደግሞ ዕቅድን ለማንም ሙሉውን አለመንገር ነው፤ ለኔም ቢሆን ግማሹን ብቻ ንገሪኝ ይላት ነበር። ታዛዥ ልጅ ናት። ስለ ደቂቃዋና ስለ መኪናዋ ነግራዋለች። ስለ ጉድጓዱ አልነገረችውም።

እሱ አይሆንም አለች በሆዷ። ደግሞ፣ ሌላ ማን አለ?

ስልኳን አወጣች።

«እቃው መንገድ ቀየረ» አለች ሲያነሣ። «በመኪና አይሄድም። በጀርባ በር፣ በእግሩ።»

«መቼ?»

«አሁን።»

«በርቺ ልጄ» አለና ዘጋው።

ውሸት ነበር። ይህን ውሸት ከአጎቷ በቀር በዓለም ላይ ማንም አልሰማውም። መፍቻዋን ይዛ ከጉድጓዱ በጎን መሰላል ወጣች፤ እንደ ሥራ ፈት ግድግዳ ተደግፋ እጇን በጨርቅ መጥረግ ጀመረች። የጥበቃ ሹሙ ከጠዋት ጀምሮ ከሚዛኑ አጠገብ አልተነቃነቀም። መኪና በመጣ ቁጥር በመስታወት ሥር ሥሩን ያያል፣ ጭነቱን ይገልጣል፣ ከዚያ ወደ መብራቱ ያፈጣል። እሷን አንዴ ገልመጥ አድርጎ አለፋት። ማንነቷ አልተነገረውም ማለት ነው። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ስልክ እንዳይጮህ ለምና አታውቅም።

የሹሙ ስልክ ጮኸ።

አዳመጠ። ፊቱ ተለወጠ። አራት ጥበቃ አስከትሎ ወደ ጀርባው በር እየሮጠ ሄደ።

ጨርቁን ፊቷ ላይ አድርጋ ላብ እንደሚጠርግ ሰው ቆመች፤ የጠረገችው ግን ላብ አልነበረም። ያሳደጋት ሰው ነው። ቢሆንም ለማልቀስ ጊዜ የለም፤ ሹሙ ጀርባ በር ደርሶ ባዶውን ሲያገኘው ይመለሳል።

ጉድጓዱ ውስጥ ተመልሳ ለኢንጂነሩ በአጭሩ ነገረችው። ሚዛኑ አሁን ፈጣን ነው፣ ግን ፈጣንነቱ በሽታም አለው። ደቂቃውን ያሳጠረው ሰው የማረጋጊያውን ጉልበት አብሮ ጣለው፤ ቁጥሩ ቶሎ ይደርሳል እንጂ አያርፍም፣ ሞተር ባንቀጠቀጠው ቁጥር ይዘላል። ስለዚህ ሾፌሩ ሞተሩን ይረግጣል፣ ቁጥሩ ይጨፍራል፣ በዚያ ግርግር ውስጥ አንድ ሰው ይወጣና አንድ ሰው ይወርዳል።

«የሚወርደው ማነው?» አለ።

«እኔ። ስትወጣ እወርዳለሁ። ሞተሩ ሲበርድ ሚዛኑ የሚያገኘው ያንኑ ክብደት ነው።»

«አንቺ እዚህ ልትቀሪ?»

«እኔ የዚህ ቤት ሠራተኛ ነኝ» አለች። «አንተ ግን ከስተሃል። ኪስህን ብሎን ሙላ።»

ሾፌሩ ተራውን እየጠበቀ መሪው ላይ ተደግፎ አገኘችው። ከአጎቷ ጋር ተነጋግሮ አያውቅም፤ የሚያውቀው እሷን ብቻ ነው። ከዚህ ሲወጣ ቀድሞ ወደተባለው ቦታ እንዳይሄድ፣ ኢንጂነሩን ወደ እህቱ እንዲያደርሰው፣ የኢንጂነሩ እህት ጠበቃ መሆኗንና ምን ማድረግ እንዳለባት እንደምታውቅ ነገረችው። ሚዛኑ ላይ ሞተሩን እንዲያስጮኸው ስትለው፣ ነዳጁ ከኪሱ መሆኑን እንዳትረሳ አሳሰባት። ምላሱ አያርፍም እንጂ እጁ የታመነ ነው።

ቆቅ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ መኪናዋ ወለሉ ላይ ወጣች። የጉድጓዱ ክዳን ከመኪናዋ ሆድ ሥር ሆነ።

ሾፌሩ ረገጠ። መዛኙ ከመስኮቱ ብቅ አለ፤ ሁሉም ጋሼ የሚሉት፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰው።

«አንተ፣ አጥፋው እንጂ! ቁጥሩ አልረጋ አለኝ!»

«ካጠፋሁት አይነሣም ጋሼ። ባትሪው ደክሟል። ይገፉልኛል?»

ቆቅ ከመዛኙ መስኮት በማይታየው በኩል በሩን ከፍታ ወረደች። በሆዷ ተሳበች። ከመኪናዋ ሥር ሙቀቱ ፊት ይለበልባል። ክዳኑ ተነሣ። የኢንጂነሩ ራስ ታየ፣ ከዚያ ትከሻው። ማቀፊያውን ይዞ ራሱን ጎተተ።

አሁን ሁለቱም ወለሉ ላይ ናቸው።

ትርፍ ሰው። ቀይ መብራቱ በራ፣ ጠፋ፣ በራ።

ከኢንጂነሩ ኪስ አንድ ብሎን አምልጦ ብረቱ ላይ ቃ! አለ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ መዛኙ።

«ዕድሜ ነው ጋሼ። በየቀኑ አንዳንድ ብሎን ትጥልልኛለች።»

ቆቅ እግሯን ወደ ጉድጓዱ ሰደደች። ኢንጂነሩ እጇን ያዘ። ጨብጦ ለቀቃት። ወረደች። ክዳኑን በራሷ ላይ ቀስ አድርጋ መለሰች።

ሾፌሩ እግሩን አነሣ። ሞተሩ ረገብ አለ።

ጨለማው ውስጥ ቁጥሩ ወረደ፣ ወጣ፣ ተንቀጠቀጠ።

ቆመ።

የበሩ ሞተር ሲጎተት ሰማች። ጎማዎቹ በላይዋ አለፉ፣ ወለሉም ቀለለው። ጉድጓዱ ውስጥ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። መፍቻዋን አንሥታ ወጣች።

መዛኙ በክፍሉ በር ላይ ቆሟል። አየት አደረጋት። የወጣችውን መኪና አቧራ አየ። ተመልሶ እሷን አየ።

«መኪናው ላይ አልነበርሽም?»

«ወረድኩ ጋሼ። ሚዛኑ ሲንቀጠቀጥ አይቼ፣ ላየው ብዬ።»

«አንቺ ወርደሽ አረንጓዴ በራ?»

ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ሲመዝን የኖረ ነው፤ ሒሳቡን ፊቷ ላይ ሠራው። መፍቻው እጇ ላይ ከበዳት። ከግቢው ወዲያ የጥበቃዎቹ ጩኸት እየቀረበ ነው።

«የወንድሜ ልጅ እታች ነበር የሚሠራው» አለ ቀስ ብሎ። «ታመመ አሉኝ። ሬሳውን እንኳ አልሰጡኝም።»

ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና ጮክ ብሎ፣ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ፣ ይህ ሚዛን ዛሬ ጤና እንደሌለው፣ ስንቴ ተናግሮ ሰሚ እንዳጣ ማማረር ጀመረ። ሹሙ ላብ በላብ ሆኖ ሲደርስ እሷን በስንፍናዋ እየሰደባት ነበር። ሹሙም ሚዛኑ የተነካው በራሱ ትእዛዝ ስለነበር ነገሩን ማርዘም አልፈለገም። ትንሿ መኪና እንዴት ወጣች ሲል፣ በአረንጓዴ ወጣች ተባለ። ሚዛኑ ካለ አለ።

ፈረቃው ሲቀየር ከቀለም ቀላቃዮቹ ሴቶች መሃል ገብታ፣ የአንዷን ስለ አማቷ ማማረር እየሰማች፣ በሠራተኞች በር ወጣች።

ስልኳ ሁለት ጎዳና ሳትሄድ ጮኸ።

«የት ወሰዱት?» አለ አጎቷ።

እሷ የት እንዳለች አልጠየቃትም። መጀመሪያ የጠየቀው እቃውን ነው።

«አንተ ከማትደርስበት።»

ረጅም ትንፋሽ ሰማች። «አንቺን አልሸጥኩም» አለ። «ስምሽን አልሰጠሁም። እንዳይነኩሽ አስምዬ ነው። ልጄ አይደለሽ?»

«ነበርኩ» አለች። «እሱን ሲገድሉት ልታይ ነበር አጎቴ። አይተህም እራት ልትበላ ነበር። ከእንግዲህ አትፈልገኝ።»

ሲም ካርዱን አውጥታ ሰብራ ቦይ ውስጥ ጣለችው። ከዚያ መንገድ ዳር ተቀምጣ አለቀሰች። አላፊ አግዳሚው እያያት አለፈ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው አየኝ አላየኝ አላለችም።

ከሳምንታት በኋላ በሌላ ከተማ የሱቅ ሚዛን ትጠግናለች። ስሟ ሌላ ነው። ጸጉሯን አሳጥራለች። የተከራየችው አንዲት ክፍል ናት፤ የቤቱ ባለቤት ሽንኩርት እየከተፉ ሬዲዮ ያዳምጣሉ። አንድ ቀን ሬዲዮው አንድ የቀለም ፋብሪካ ምድር ቤት በፍርድ ቤት ትእዛዝ መታሸጉን፣ አንድ ኢንጂነር ያየውን ሁሉ መመስከሩን፣ ፖሊስም ከፋብሪካው ውጭ ሆነው ከባለቤቶቹ ጋር የተመሳጠሩ ሰዎችን እየፈለገ መሆኑን ተናገረ።

«እሰይ፣ ይበላቸው» አሉ ሴትዮዋ። ቢላዋቸውን አስቀምጠው አዩዋት። «ቆይ፣ አንቺ ግን ሰው የለሽም? ከመጣሽ ጀምሮ አንድ ጠያቂ አላየሁም።»

«አንድ አጎት ነበረኝ።»

«ውይ የኔ ልጅ። ነፍስ ይማር።»

ቆቅ አላረመቻቸውም።

«ያኑርዎ እማማ» አለችና የቀረውን ሽንኩርት ልትከትፍላቸው ቢላዋውን ተቀበለች።