የጁምዓው ቆጠራ

በ2006 ዓ.ም. አንድ ማለዳ ሐምዲያ በሱዳን ዋና ከተማ፣ ዐማራት ሰፈር የምትሠራበትን ቤት ሳሎን ስትወለውል፣ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋ ትልቅ ወረቀት አየች። የሶባ ገበያ ንድፍ ነው። አሠሪዋ መሐንዲስ ሉጥፊያ፣ ከጥቂት ጥላዎች ተነስቶ ዛሬ አንድ ከተማ የሚያህለውን ያን ገበያ ጣሪያና ውሃ ልታስገባለት ስትነድፍ ከርማለች። የተቆጠረ ነጋዴ ሁሉ በስሙ ሱቅ ያገኛል።

ሐምዲያ ወሎ ቁርኣን ቤት በቀራችው የዐረብኛ ፊደል ወረቀቱ ላይ የተጻፉትን የነጋዴዎች ስሞች አንድ በአንድ ለቀመች። ዛኪር የለም። እሱ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ «የመኪና ማቆሚያ» ይላል።

የኮምቦልቻው ዛኪር ሶባ ገበያ ውስጥ ማራገቢያ ጠጋኝ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የተበላሸ ማራገቢያ ይዛለት ሄደች፤ ማራገቢያው ዳነ፣ እሷ ታመመች። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ እነዚህ ሁለቱ ግን አበዙት። እስካሁን አንዳቸውም ስለ ፍቅር ትንፍሽ አላሉም።

ጓዳ ገብታ ደወለችለት።

«ቆጣሪዎቹ መቼ ነው የመጡት?»

«ጁምዓ። ገበያው ሳይሞላ።»

ጁምዓ የእሷ የዕረፍት ቀን ነው። ዛኪር ጠረጴዛውን አጣጥፎ፣ ሀፍላ የሚሉትን አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ መሃል ከተማ ሱቅ ዐረቢ ድረስ ይመጣላታል።

«እንደሚመጡ ታውቅ ነበር?»

«ሰምቼ ነበር። አንቺ ግን በሳምንት አንድ ቀን ነው ያለሽ። ኸላስ፣ በቃ፤ ቦታ ካጣሁ ፖርት ሱዳን አጎቴ ዘንድ እሄዳለሁ።»

ስልኩን ዘጋች። እንደሚወዳት አሁን አወቀች፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ልታጣው ነው።

ሉጥፊያ ወረቀቷ ላይ አጎንብሳ ሳለ ሐምዲያ አጠገቧ ቆመች።

«ባሽሙሀንዲስ፣ እዚህ መኪና ማቆሚያው ጋ ሰው አለ። የእርስዎን ማራገቢያ የሠራው ዛኪር። ሲቆጠር አልነበረም።»

ሉጥፊያ መነጽሯን ዝቅ አደረገች። «አንቺ ምኑ ነሽ?»

ጎረቤቱ ብትል ውሸት፣ ዘመዱ ብትል ውሸት። እውነቱን ደግሞ ማንም ነግሯት አያውቅም።

«እጮኛው ነኝ» አለች።

ሉጥፊያ «ሄጄ አየዋለሁ» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በሚቀጥለው ጁምዓ ሱቅ ዐረቢ ሲገናኙ ዛኪር ዓይኗን ማየት አቃተው።

«መዳምሽ መጥታ ነበር። ሰው ሁሉ እየሰማ ‹የሐምዲያ እጮኛ አንተ ነህ?› አለችኝ።»

«ምን አልካት?» አለች ሐምዲያ።

«አዎ አልኳት። ስሜን ጻፈች። ከዚያ ‹ኒካሁ መቼ ነው?› አለች።»

«እሺ?»

«‹እሷን ልጠይቃት› አልኩ።» ቀና ብሎ አያት። «መቼ ይሁን?»

ሻጩ ይጮሃል፣ የሀፍላው ረዳት መንገደኛ ይጣራል። ሐምዲያ ከሁለት ዓመት ዝምታ በኋላ ለማሰብ ጊዜ አልፈለገችም።

«የገበያው ጣሪያ እስኪከደን አልጠብቅም» አለች።

እስከዚያ እሱ ብቻውን ይመላለስበት የነበረውን የሶባ ሀፍላ ያን ቀን አብረው ተሳፈሩ።