የጾም ቅባት

መጀመሪያ ያየሁት ዓይኗን ነው። እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ በጤና ጣቢያችን የመድኃኒት መስኮት ፊት ቆማለች።

«እጅሽን አሳዪኝ» አልኳት።

«ሐኪሙ አይቶታል። እርስዎ መድኃኒቱን ይስጡኝ።»

የሺሃረግ ላሊበላ ውስጥ በአንድ ሆቴል አንሶላ ታጥባለች። ችፌው እጇን ሰነጣጥቆታል። ለዚህ ሕመም በቅርቡ የተመከረው ቅባት ደሴ ካልወረዱ አይገኝም ነበር፤ ስንወተውት ከርመን በጤና መድን ለእኛም ደረሰ። የመጀመሪያውን ቱቦ የወሰደችው እሷ ናት።

ከዚያ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መንገዳችን አንድ ሆነ። አንድ እሑድ ደፈርኩ።

«የሺ፣ ሽማግሌ ልላክ?»

ፈገግታዋ ጠፋ።

«ቀለበት የሚገባበት እጅ የለኝም። ሲሽርልኝ ይላኩ።»

ሁዳዴ ተጋመሰ። እጇ ከነጠላዋ አልወጣም፤ ጥለቱ ላይ ደም አየሁ። ያን የመሰለ ቅባት እጇ ላይ እያለ አለመዳኗ እምቢታ መሰለኝ።

«ካልፈለግሽኝ በግልጽ ንገሪኝ። በእጅሽ ለምን ታሳብቢያለሽ?»

ዕንባዋ መጣ። ቱቦውን ከጉያዋ አወጣች፤ እንደሰጠኋት ሙሉ ነው።

«ከፍቼ አየሁት። ነጭ ነው፣ እንደ ለጋ ቅቤ ያወዛል። በሁዳዴ ቅቤ ልቀባ?»

«ቅቤ አይደለም! እንደ ቫዝሊን ነው፤ የላም ነገር የለበትም። ምነው ሳትጠይቂኝ?»

«አዎ ቅቤ ነው ቢሉኝስ? ሳልጠይቅ ፋሲካን መጠበቅ ይሻለኛል ብዬ ነው...»

«እስከዚያ እየደማሽ?»

«እርስዎስ እስከዚያ መታገሥ አቃትዎ?»

ሳቅን። እሷ ግን የንስሐ አባቷን ሳትጠይቅ አልተቀባችም። በማግሥቱ እየሳቀች መጣች።

«አባ ምን አሉኝ መሰለዎ? ‹ቁስል አይጾምም፤ ተቀቢ!›»

በፋሲካ ማግሥት መስኮቱ ተንኳኳ። እጇ በመስኮቱ ገባ፤ ነጠላ አልሸፈነውም። ቀጭን ጠባሳ ብቻ ቀርቶበታል።

«ቅባት ልጨምርልሽ?» አልኳት።

«ሽማግሌህን ላክ እንጂ!»

«እርስዎ» አላለችኝም። እጇን ያዝኩ፤ አልሸሸችም።

«ቢመለስብኝስ?» አለች ቀስ ብላ።

«መድኃኒቱም እዚሁ ነው። እኔም።»

ቀለበቱን ያጠለቅሁላት ቀን ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ እጇን ገልጣ ዘረጋችልኝ።