«ስንት ነህ?»

ፊርደውስ የዘመናችንን የፈረንሳይ ፈላስፎች ታጠናለች። ሰው ምድርን በገዛ እጁ እንደለወጣት፣ የሠራው መሣሪያ ተመልሶ ሰውየውን እንደሚለውጠው፣ ያው መሣሪያ ፈውስም መርዝም እንደሆነ ይጽፋሉ። ይህን ለእናቷ ስታስረዳ እናቷ ምንም አልገረማቸውም። «አገር ቤትስ 'መድኃኒት አቀመሱት' የተባለ ሰው መቼ ድኖ ያውቃል?» አሏት።

አኑዋርን ያገኘችው ለንደን፣ ሰቨን ሲስተርስ ሰፈር፣ አውቶቡስ ውስጥ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ነው። ስልኩ ይጮኻል፤ እሱ ግን ስኳሩ ወርዶ ላብ አጥምቆት ፈዝዞ ያያታል። የማንጎ ጭማቂዋን አጠጣችው። ሲነቃ ያያት አስተያየት እስከ ዛሬ ልቧ ውስጥ አለ።

ክንዱ ላይ የተለጠፈች ትንሽ መሣሪያ የስኳሩን መጠን ለስልኩ ትነግራለች። ሲዋደዱ ቁጥሩ በእሷም ስልክ ላይ እንዲታይ ሼር አደረገላት፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣች። እሷ አርችዌይ፣ እሱ ኤድመንተን ሆነው፣ ቁጥሩ ዝቅ ባለ ጊዜ ሁሉ ትደውላለች።

«ስንት ነህ?»

«እያየሽው አይደል?»

«ቼክ ላድርግ ብዬ ነው።»

ለንደን እንደ ምድጃ በነደደችበት የሐምሌ ቀን ቁጥሩ ከስልኳ ጠፋ። ደወለች፤ አያነሳም። የሚሠራበት መጋዘን ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ኢንሱሊን ደግሞ ሙቀት ያበላሸዋል። ስለምትሞቀው ምድር ብዙ ጽፋለች፤ ሙቀቱ አኑዋርን በስሙ ጠርቶ ይመጣል ብላ ግን አስባ አታውቅም። ወደ መጋዘኑ በሚወስዳት አውቶቡስ ውስጥ «ያ አላህ፣ እሱን ብቻ አትንካብኝ» ትል ነበር።

መጋዘኑ በር ላይ፣ ጥላ ሥር ተቀምጦ ውሃ ሲጠጣ አገኘችው። ፊቱን ዳሰሰችው፤ ቀጥላ ደረቱን መታችው።

«ስልክህስ?»

«ሳይለንት ላይ ነበር።»

«ቁጥሩስ? ኔትወርክ ነው?»

«እኔ ነኝ ኦፍ ያደረግኩት።»

«ለምን?»

አኑዋር አቀረቀረ። «ድሮ ስትደውዪ 'እንዴት ነህ?' ትዪኝ ነበር። አሁን 'ስንት ነህ?' ነው የምትዪኝ። ቁጥሬ ደህና ከሆነ ስልኩን ትዘጊዋለሽ። ቁጥሬ ደህና ሆኖ እኔ ደህና ያልሆንኩበት ቀን ብዙ ነው፣ ፊርዱ።»

ፈላስፎቹ ስለ መሣሪያ የጻፉትን በቢጫ ቀለም አስምራበት አንብባዋለች፤ ስለ እሷ መሆኑን ግን አላወቀችም። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«እንዴት ነህ?»

«አልሐምዱሊላህ» አለ እንደ ልማዱ።

ዓይኗን ከዓይኑ አላነሳችም።

«ፈርቻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ሙቀቱ በየዓመቱ እየባሰ ነው። ላገባሽ እፈልጋለሁ፤ ብቻሽን ትቼሽ እንዳልሄድ ደግሞ እፈራለሁ።»

እጁን ያዘችው። «እኔም እፈራለሁ። እንግዲህ አብረን እንፈራለና።»

ሼሩን መለሰላት፤ ተጋቡም። ዛሬም ስልኳ ሲጮኽ ልቧ ድንግጥ ይላል።

«ጭማቂህን ጠጣ» ትለዋለች ደውላ።

ሲጠጣ ትሰማለች። ቁጥሩ ቀስ እያለ ይስተካከላል፤ እሷ ግን ስልኩን አትዘጋም።

«አሁን ንገረኝ፤ እንዴት ነህ?»