ሳቅ ያባረራት ተማሪ

ክረምት ሲገባ የዋግ ልጆች ከየዩኒቨርሲቲው ወደ ሰቆጣ ይመለሳሉ። ዘንድሮ እንግሊዝኛቸውን እንዲያሻሽሉ የታሰበ አገር አቀፍ ፕሮግራም ተከፍቶላቸው ጠዋት ጠዋት ይማሩ ነበር። ይማሩ ነበር ማለት ይቀመጡ ነበር። መምህርት እታገኝ “እስቲ ተናገሩ” ሲሉ ሁሉም አንገቱን ይደፋል። የደፈረ ካለ ደግሞ ወዮለት፤ ከኋላ ወንበር ሳቅ ይለቀቅበታል። የሳቁ አለቃ የመሪጌታ ገብረ ጻድቅ ልጅ ኤርምያስ ነበር።

አንድ ቀን ከፃግብጂ የመጣችው የነርስነት ተማሪ ለተጊዮርጊስ ተነሣች። አፏን የፈታችው በኽምጣና ነው፤ አማርኛን ትምህርት ቤት ገብታ ነው የለመደችው። ስለ አንዲት በሽተኛ በእንግሊዝኛ መናገር ስትጀምር ኤርምያስ ድምፅዋን አስመስሎ ደገመው።

“አንቺ፣ ይኼ እንግሊዝኛ በበቅሎ ነው የመጣው?” አላት።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህርቷ ቢቆጡም የሰማቸው የለም። ለተጊዮርጊስ ተቀመጠች፤ በማግስቱም አልመጣችም። የመውጫ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነውና “እኔ አላልፈውም፤ ትምህርቱን ትቼ አገሬ እገባለሁ” ማለቷን ጓደኛዋ ፅዮን ለክፍሉ ተናገረች።

ኤርምያስ ይህንኑ ማታ ገበታ ላይ እንደ ቀልድ አወራው። አባቱ የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡ።

“አንተ ዜማ ስትማር አትስትም ነበር?”

“እስት ነበር፣ አባ።”

“ማን ሳቀብህ?”

“ማንም። ሁሉም እየጮኸ ነበር የሚማረው።”

“እየጮህክ ስትስት ሰምቼ አረምኩህ። አፍህን ብትዘጋ ምንህን አርም ነበር? አሁን የሰው ልጅ አፍ ዘግተህ መጥተህ ከእኔ ገበታ ትበላለህ?”

ኤርምያስ አቀረቀረ። “እኔም እኮ አልችልም። የምስቀው እኔን እንዳይጠይቁኝ ብዬ ነው።”

“እንግዲያማ ሌባ ነህ” አሉ መሪጌታ። “የራስህን ድንቁርና ለመሸሸግ የልጅቱን ዕድል ሰረቅህ። ተነሥ ከፊቴ።”

ሲነጋ ለተጊዮርጊስ ወዳረፈችበት ወደ አክስቷ ቤት ሄደ። ሻንጣዋ ደጅ ላይ ነበር።

“ይቅር በይኝ” አላት።

“የሳቅህብኝ እዚህ ነው እንዴ?”

“አይ፣ ክፍል ውስጥ…”

“እንግዲያው ይቅርታህም እዚያው ይሁን። በእንግሊዝኛ። ካላደረግከው መኪናዬ አያመልጠኝ።”

ላብ አጠመቀው፤ ግን “እሺ” አለ። አብራው ሄደች፤ ሻንጣዋን ይዛ በር ላይ ቆመች። ኤርምያስ ከፊት ወጥቶ ተንተባተበ። ራሱ ያስለመደው ሳቅ ከኋላ ወንበር ፈንድቶ መጣበት። ግን አልተቀመጠም። መምህርቷ አረሙት፤ ደገመው። እንደገና ሳቁ፤ እንደገና ደገመው። ሳቁ ሳስቶ ሳስቶ ሲያልቅ ለተጊዮርጊስ ሻንጣዋን አስቀምጣ ገባች፤ ያን የተቋረጠባትን ነገር እስከ መጨረሻው ተናገረችው።

ወገኖቼ፣ መንግሥት መምህር ይቀጥር፣ መጽሐፍም ያምጣ። የተማሪን ምላስ የሚያስረውን ሳቅ የሚያቆመው ግን ሌላ ማንም አይደለም፤ የምንስቀው እኛው ነን። ስሕተት ይታረማል፤ የተዘጋ አፍ ግን በምን ይታረማል? እየሳቅን ስንቱን ልጅ ወደ ቤቱ መለስን? ይህን ካልተውን ፕሮግራሙንም ወንበሩንም እሳት ይብላው።