ለቅሶ ያልተደረሰላት ሟች

ሟቿ ፖሊስ ጣቢያ የደረሰችው በባጃጅ ነው። ከባጃጁ ሾፌር ጋር ተጣልታ፣ ከበር ጠባቂው ጋር ተጣልታ፣ ወረፋ የያዙትን በክርኗ ገፍታ ሳጅን ሰገል ጠረጴዛ ፊት ቆመች።

«ግድያ ላመለክት ነው የመጣሁት።»

ሳጅን ሰገል እስክሪብቶ አነሳች።

«ማን ተገደለ?»

«እኔ።»

እስክሪብቶው ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ ተጋደመ።

«እማማ፣ ፀሐይ መትቶሽ እንዳይሆን። ቁጭ በይ፣ ውሃ ላምጣልሽ።»

«ውሃ እቤቴ አለኝ። ጻፊ። ሽታዬ ጎበና። ዕድሜ ሰባ አንድ። መኖሪያ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር። ሥራ፣ ሟች።»

ሽታዬ ስትናገር የመስኮቱ መስታወት ይርገበገባል። ሃያ ስድስት ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በሽመና ማሽን መሃል የቆመ ሰው ጆሮው ይሄዳል፣ ጉሮሮው ይቀራል። ወረፋ የያዙት ሁሉ የራሳቸውን ክስ ረስተው የእሷን መስማት ጀመሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት የእርዳታ ስንዴና ዘይቷን ልትቀበል ቀበሌ ተሰለፈች። መዝጋቢው ቡልቻ ጣቱን በዝርዝሩ ላይ አወረደና «ሽታዬ ጎበና ሞታለች» አለ። «ነፍስ ይማር» ብሎ ጨመረበት። ከዚያ «ቀጣይ»። «ሞታለች» ማለቱን ችላዋለች። ያንገበገባት «ቀጣይ» ማለቱ ነው።

ከዚያ ጤና ጣቢያ ሄደች። የጤና መድን ደብተሯን ተቀብለው ኮምፒውተር ላይ አዩና አልመለሱላትም። የግፊት ክኒኗ የቀረው ለአራት ቀን ብቻ ነው።

«አራት ቀን ካለፈ ወረቀቱ እውነት ይሆናል» አለች ሽታዬ። «ውሸት ሆኖ ሳለ ድረሺልኝ።»

ሰገል አዲስ ገጽ ገለጠች።

«በሞትሽ የሚጠቀም ሰው አለ?»

«የሚጠቀም ቢኖርማ ምን ነበረበት።»

«ልጅ?»

«የለም።»

«ባል?»

«የባቡር ሠራተኛ ነበር። አሮጌው ባቡር በቆመ በዓመቱ እሱም ቆመ።»

«እድር?»

«ወጥቻለሁ። ሊቀመንበሩን ሰደብኩት፣ ይቅርታ ጠይቂ አሉኝ፣ አልጠየቅኩም። አሁንም አልጠይቅም።»

«ጎረቤትስ?»

«ሃዎ የምትባል ባለሱቅ አለች። ከተነጋገርን ሁለት ዓመታችን።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«በፍየል።»

ሰገል የተጠርጣሪ ስም ልትጽፍበት ያሰመረችውን ገጽ አየችው። ነጭ እንደሆነ ቀርቷል። ሰው ጠላት እንኳ ሲያጣ እንዲህ ነው።

*

ቀበሌው የቀትር እንቅልፉን ጨርሶ እስኪከፈት ሁለቱ ሴቶች ደጅ ጥላ ስር ጠበቁ። ቡልቻ ፖሊስ ሲያይ አንገቱን በመሐረብ ጠረገ።

«ማን ነው የሰረዛት?» አለች ሰገል።

«እኔ።»

«ለምን?»

«ስለሞተች።»

«ይቺትና ፊትህ ቆማለች።»

«አሁንማ አየኋት። ያኔ ግን ወረቀቱ ሞታለች ይላል።»

«ወረቀት ዓይን የለው» አለች ሽታዬ። «አንተ አለህ። ዓመት ሙሉ በየወሩ ስታየኝ ነበር።»

«እናቴ፣ ስንቱን ሰው ነው የማስፈርመው። እኔ የማየው አውራ ጣት ነው፤ ፊት ቀና ብዬ አላይም።»

«ወረቀቱን አምጣ» አለች ሰገል።

ወረቀቱ አልተገኘም። ፋይል ውስጥ ነው አለ፣ ቁልፉ ሌላ ሰው ጋ ነው አለ፣ ነገ ጠዋት አለ። የሚዋሽ ይመስላል። ሰገል ሌላ ጥያቄ ወረወረች።

«በእሷ ቦታ ማን ገባ?»

ቡልቻ ዝርዝሩን ወደ ፖሊሷ አዞረው። በተሰረዘው ስም ትይዩ አዲስ ስም ተጽፏል። ሃዎ።

ሽታዬ ማንበብ አትችልም። ግን የሰገልን ፊት አነበበች።

«ባለፍየሏ ናት አይደል?»

*

ሃዎ ሱቋ ውስጥ ማራገቢያ ይዛ ተቀምጣለች። ባሏ የጅቡቲ መንገድ ሾፌር ነበር፤ ወገቡ ከተሰበረ ወዲህ ጓዳ ተኝቶ ይውላል። ሽታዬን ስታይ ማራገቢያው ቆመ።

«ኤዶ» አለች ሰገል፣ ሶማሌ ለአክስት በሚለው ጥሪ። «እሷ እንድትሞት ትፈልጊ ነበር?»

«ፍየሌን በመጥረጊያ የመታች ቀን፣ አዎ። ከዚያ ረሳሁት።»

«ሞታለች ብለሽ ለቀበሌ ተናግረሻል?»

«ወላሂ፣ ማን ያምነኛል? ሬዲዮ ዜና ሲጀምር ስትሳደብ ግድግዳዬ ይነቃነቃል። የሞተ ሰው ከዜና ጋር ይጣላል?»

«በእሷ ቦታ ነው የገባሽው።»

ሃዎ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

«ሦስት ዓመት ጠበቅኩ። ቦታ ተገኘ አሉኝ። የማን ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ክፍት ቦታ ከተገኘ የሞተ አለ ማለት ነው፤ የራበው ሰው ይሄን አይጠይቅም።»

ሽታዬ መልስ አዘጋጅታ ነበር። ከጓዳ የሰውዬው ሳል ተሰማ። መልሱን ዋጠችው።

«አቦ፣ ሞተሽ ቢሆን» አለች ሃዎ ወደ እሷ ዞራ «አስከሬንሽን የማገኘው እኔ ነበርኩ። ሌላ ማን አለሽ?»

ሽታዬ መደርደሪያው ላይ ያለውን የሳሙና ካርቶን ስታይ ቆየች። ካርቶኑ ላይ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም።

*

ቡልቻ አልዋሸም። በማግስቱ ጠዋት ወረቀቱን ይዞ ጣቢያ መጣ። «ወይዘሮ ሽታዬ ጎበና ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለዩ ስማቸው ከእርዳታና ከጤና መድን ዝርዝር እንዲሰረዝ» ይላል። ፊርማውና ማህተሙ የምክር ቤት ተመራጩ የዘርዓብሩክ ነው።

«እሱማ ደግ ሰው ነው» አለች ሽታዬ።

ደግ ነው። የእርዳታ ስንዴ ሲዘገይ ጀልዴሳ ገጠር ድረስ ወርዶ ባዶ መጋዘን አይቶ ተመልሶ በጉባኤ የጮኸ እሱ ነው። ድሃ የእርዳታ ዘይቱን ሸጦ ክኒን እንደሚገዛ በአደባባይ የተናገረ እሱ ነው። የክርስቲያን ይሁን የእስላም፣ ለቅሶ አያመልጠውም። ባለፈው ዓመት ሽታዬ ቤት መጥቶ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስለ ሕመሟ ጠይቋታል። በሦስት ዓመት ውስጥ ቤቷ የተቀመጠ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ሰገል የምክር ቤቱን ቃለ ጉባኤ አስመጣች። የዘርዓብሩክን ንግግር ጮክ ብላ አነበበች።

«ሽታዬ ክኒኗን ለሁለት እየሰበረች ኖረች። ባለፈው ሳምንት ብቻዋን ሞተች። ይህን ጉባኤ የምለምነው ለእሷ አይደለም፤ ለእሷ ቀርቷል። ተራዋን ለምትጠብቀው ነው።»

ከስሩ፦ ጉባኤው ለአንድ ደቂቃ በኅሊና ጸሎት ቆመ። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን የጤና መድን መዋጮ እንዳይከፍሉ፣ ከእርዳታ ዝርዝርም እንዳይወጡ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

«ለእኔ ቆሙ?» አለች ሽታዬ።

«አንድ ደቂቃ።»

«በቁሜ ወረፋ ላይ ወንበር የለቀቀልኝ የለም።»

ከዚያ ነገሩ ገባት። በእሷ ሞት የከተማው ጧሪ የሌለው አረጋዊ ሁሉ ክኒን በነፃ አገኘ። ከእሷ በቀር።

*

ዘርዓብሩክ ከቀትር በኋላ ሸሚዙን አስተካክሎ መጣ። ሽታዬን ሲያይ በሩ ላይ ቆመ። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎ በሕይወት አሉ።»

«'እርስዎ' ከየት መጣ? ድሬ ለእናቷም አንቺ ነው የምትለው። አልጋዬ ላይ ስትቀመጥ አንቺ ነበርኩ።»

ሰገል ወንበር አሳየችው።

«መሞቷን ማን ነገረህ?»

«ለቅሶ ቤት የሰማሁት ነው። አንድ ሽማግሌ ነገሩኝ።»

«ስማቸው?»

«አላስታውስም።»

«አመንካቸው?»

«አመንኩ። በጣም አዘንኩ። በቅን ልብ ተናገርኩ፣ ወረቀቱንም በቅን ልብ ጻፍኩ። ስህተት ነው፤ ይታረማል።»

ሰገል ልትጽፍ አጎነበሰች። የተከበረ ሰው፣ የተጣራ ቃል፣ የሰው ወሬ። «ስህተት» ብሎ ፋይል መዝጋት ይቻላል። ለምስክርነት የተጠሩት ሃዎና ቡልቻ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች ሽታዬ። «ለቅሶዬ ላይ ለምን አልመጣህም?»

ዘርዓብሩክ የሸሚዙን እጅጌ አስተካከለ።

«የባሌ አጎት ሲሞት ሁርሶ ድረስ መጥተሃል» አለች ሃዎ። «አታውቀውም ነበር። ሦስት ቀን ተቀመጥክ።»

«ያን ሰሞን ሥራ በዝቶብኝ...»

«ሰው ልከሃል?» አለች ሰገል።

«አልላክሁም።»

«ድንኳኑ የት ነው ብለህ ሰፈሩን ጠይቀሃል?»

«አልጠየቅኩም።»

«በስሟ ጉባኤ አቁመህ፣ ሳቢያን በርህ ላይ ሆና፣ ለቅሶ የማያመልጠው ሰው ከእሷ ለቅሶ ቀረህ። ለምን?»

ዘርዓብሩክ ሁለቱን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ድንኳን እንደሌለ ስለማውቅ።»

እሱ ራሱ ቀጠለ።

«የነፃ መድኃኒቱን ሐሳብ ለጉባኤው ሁለት ጊዜ አቀረብኩት። ሁለት ጊዜ ወደቀ። በሕይወት ያሉ ሰዎች ስም ስጠራ ያዛጋሉ፣ ስልካቸውን ያያሉ። ለሞተ ሰው ግን ይቆማሉ። የሞተ ሰው አስፈለገኝ። ከዚያ አንድ ጋዜጠኛ የት ተቀበረች ብሎ ጠየቀኝ። ስምሽ ወረፋ ላይ እንዳይገኝ ወረቀቱን ጻፍኩ።»

«ከዚህ ሁሉ ሰው ለምን እኔን?»

«የሚጠይቅልሽ ሰው የለሽም።»

አሁን «እርስዎ»ው ጠፍቶበታል።

ሽታዬ ሲሰድቧት መልስ አጥታ አታውቅም። ይሄ ስድብ አይደለም። ምን ተብሎ ይመለሳል?

«በሌላ ስም ደብተር ላወጣልሽ እችላለሁ» አለ ዘርዓብሩክ። «ዛሬውኑ። ክኒኑም ስንዴውም ይመጣል። ይሄ ከወጣ ግን ውሳኔውን ይሽሩታል። ስንት ሽማግሌ መድኃኒት ያጣል።»

«ስም ሌላ የለኝም። ያለኝን አንዱን ቀብረህብኛል።»

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹን በውሸት ሬሳ አስፈቀድክላቸው። አሁን በቁም ሰው አስፈቅድላቸው። እኔ እመጣለሁ። ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። የሚያዛጋ ሰው ፊቴ ያዛጋ፣ እናያለን።»

ሰገል ፋይሉ ሐሰተኛ ሰነድ በሚል ለዐቃቤ ሕግ እንደሚሄድ ነገረችው። ራሱን ነቀነቀ። አልተከራከረም።

*

የቀረው ሽታዬን ማስነሳት ነበር። ክኒኗ የቀረው ለሦስት ቀን ነው። ቡልቻ ከቀበሌ ያመጣቸውን ፎርሞች ገለባበጠ።

«ከሞት የሚመልስ ፎርም የለንም» አለ። «በሞት መመዝገቢያው እንሙላው። 'ለመጨረሻ ጊዜ በሕይወት የታየችበት ቀን' ይላል። በቅርብ የሚያውቋት ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት።»

ሃዎ ቀረበች። አውራ ጣቷን አተመች። «ፍየሏ አሁን ታስራለች» አለች፣ ለማንም ሳትል።

«ሁለተኛ?» አለ ቡልቻ።

ሽታዬ አሰበች። የፋብሪካ ጓደኞቿ ሞተዋል፤ ወረቀታቸው እውነት የሆነ። የእድር ሰዎች አሉ፤ እነሱን አትለምንም። ቤተ ክርስቲያን ሰላም የሚሏት አሉ፤ ስሟን ግን አያውቁም። ሰገል ልፈርም አለች። ቡልቻ ጉዳዩን የያዘ ፖሊስ አይሆንም አለ።

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሌላ ሰው አንድ ነበር።

«እሱ ይፈርም» አለች ሽታዬ። «ቤቴን ያውቀዋል።»

ዘርዓብሩክ እስክሪብቶውን ተቀበለ።

«'ዛሬ' ብለህ አትጻፍ» አለችው ሰገል። «ከዛሬ በፊት መቼ እንዳየሃት ጻፍ።»

ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ ጻፈ። ሽታዬ እንዲነበብላት ጠየቀች።

«ንግግሩን ባደረግኩ ማግስት፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት» ብላ ሰገል አነበበች። «በመስኮት አየኋት። ብቻዋን ትበላ ነበር።»

«ምን ልትል መጥተህ ነው?»

«ምንም። የሚጠይቅሽ ሰው ይኖር እንደሆን ለማየት።»

ሽታዬ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ አሳረፈች። ወረቀቱ ላይ ተጭና ቆየች።

«በሩ ክፍት ነበር» አለችው።