ተመለስ ሲባል የመጣ ማሽን

ቧንቧ ቆራጩ ማሽን ከወርክሾፑ ሠራተኞች አንዱን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ ገደለው። መርማሪው ሲደርስ አስከሬኑ ተነስቶ ነበር፤ ጠቡ ግን ገና ትኩስ ነበር።

«የገደለችው እሷ ናት» አለች የሟች ሚስት፣ እዚያው በሚሠራው የሟች ታናሽ ወንድም ትከሻ ላይ እንደተደገፈች። ጣቷን የቀሰረችው ማሽኑን ከሚያዘው ኮምፒውተር አጠገብ ወደቆመችው ቴክኒሻን ነበር።

«የይለፍ ቃሉን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት» ሲል የወርክሾፑ ባለቤት አከለበት።

መርማሪው ወደ ቴክኒሻኗ ዞረ። «ምን ተፈጠረ?»

«ኮምፒውተሩ መዝግቦታል። የመቁረጫው ጋሪ ቅርቡ ስለነበር እንዲርቅለት ‹ተመለስ› የሚለውን ቁልፍ ተጫነ። ጋሪው ግን ወደ እሱ ሄደ። ሲደነግጥ ጊዜ ይበልጥ ተጫነው።»

«አቅጣጫውን ገልብጠሽው ነበር?»

«ያስገባሁት ትእዛዝ ያው ነው፣ አልተነካም። ትናንት ቀኑን ሙሉ በትክክል ሠርቷል።»

«ውሸታም» አለ ታናሽ ወንድሙ ጥርሱን ነክሶ።

መርማሪው ሞተሩ ሥር በጀርባው ተኛ። በባትሪ መብራት ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አየና አቧራውን እያራገፈ ተነሳ።

«ጠዋት ጠዋት ማሽኑን ማን ነው የሚሞክረው?»

«ሁልጊዜ እኔ» አለች ቴክኒሻኗ። «ዛሬ ግን አለቃዬ ቢሮ ጠርተው ሲቆጡኝ እሱ ተካኝ።»

መርማሪው ወርክሾፑን ዞሮ የእያንዳንዱን ሠራተኛ መሣሪያ እያነሳ ተመለከተ። ከዚያ ሁሉንም ማሽኑ አጠገብ ሰበሰባቸው።

«ሟቹን የሚጠላ ሰው አላገኘሁም» አለ። «የተፈለገው እሱ ስላልነበረ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ አቅጣጫው ልክ ነው፤ ሞተሩ ላይ ግን ሁለት ሽቦዎች ተቀያይረዋል። እሷ ብትፈልግ ወንበሯ ላይ ሆና ትገለብጠው ነበር። ሞተር ሥር የሚተኛው የይለፍ ቃል የሌለው ሰው ነው።»

«እኔን ልትል ነው?» አለ ባለቤቱ።

«እርስዎማ ቢሮ ጠርተው አዳኗት። እንድትሞት የፈለገ ሰው እንዲህ አያደርግም።»

ወደ ታናሽ ወንድሙ ዞረ። «ሽቦዎቹ የተጠቀለሉበት ቴፕ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ በኋላ ለመላጥ እንዲመች። ሁሉንም መሣሪያ አየሁ። እንዲህ የታጠፈ ቴፕ ያለው አንተ ቧንቧ በእጅህ ትቆርጥበት የነበረው የጋዝ መቁረጫ እጀታ ላይ ብቻ ነው።»

«የገዛ ወንድሜን ለምን እገድላለሁ?»

«ወንድምህን ፈልገህ ነው አላልኩም። የፈለግከው ጠዋት እዚህ የምትቆመውን ነው።»



«አሥራ ሁለት ዓመት በእጄ ስቆርጥ ኖሬ፣ እሷ ከነማሽኑ መጣችና መጥረጊያ ያዝ ተባልኩ» አለ ታናሽ ወንድሙ። «መቆም የነበረባት እሷ ነበረች። እሱ ምን ሊሠራ እዚያ ሄደ?»

የሟች ሚስት ከትከሻው ላይ ቀና አለች። ለመቆም የማሽኑን ብረት ያዘች፤ ወደ እሱ ግን አልተመለከተችም።