ወርቅ የወደቀ ዕለት

ኢንስፔክተር ጤናዬ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ካለው ፎቅ ሁለተኛ ደርብ ላይ ስትደርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ገመቹ በጠባቧ ቢሮው ውስጥ በወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ሞቷል። ከክርኑ አጠገብ ተጠጥቶ የተጋመሰ ሻይ፣ የአይጥ መርዝ ብልቃጥና የእጅ ስልኩ ነበሩ። ካዝናው ተከፍቷል፤ ውስጡ ባዶ ነው።

ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት ግልጽ ይመስል ነበር። ገመቹ ከባንክ ሥራ ጡረታ የወጣ፣ በሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን በሽምግልና የሚያገለግል፣ ቃሉ የሚታመን ሰው ነው። ብር ከወር ወር አቅም እያጣ ሲሄድ አሥራ ሁለት ቤተሰቦች «ባንክ ተቀምጦ ከሚያልቅ ወርቅ እንግዛበት» ብለው ጥሪታቸውን ሰጡት። አምባርና ሐብል እየገዛ፣ በሸራ ከረጢት ሰፍቶ ካዝናው ውስጥ አኖረላቸው። የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ሲብስ ደግሞ የወርቅ ዋጋ ሰማይ ነካ። ሰዎቹ የሌላ አገር እልቂት ለእነሱ ሲሳይ መሆኑ እያሳፈራቸው ቢሆንም ደስ አላቸው።

በዚህ ቀን ግን ሰባት ሰዓት ከሃያ ሲል ከገመቹ ስልክ ለሁሉም አንድ መልእክት ደረሳቸው፦ «ወርቁን ሸጬ ገንዘቡን በስልክ ንግድ አስያዝኩት። ዛሬ ጦርነቱ ቆመ፣ ወርቅ ወደቀ፣ ሁሉም አለቀ። የሰው ላብ በላሁ። ይቅር በሉኝ።»

ጤናዬ መልእክቱን ሁለቴ አነበበችው። እሷም ለአሥር ዓመት ያጠራቀመችው ደመወዝ ዛሬ የአንድ ክፍል ቤት በር እንኳ እንደማይገዛ ታውቃለች፤ ስለዚህ ተስፋ መቁረጡ አልገረማትም። የገረማት የሟቹ ክንድ ነው። ስትነካው እንደ እንጨት ደርቋል፤ መልእክቱ ከተላከ ግን ገና ሁለት ሰዓት አልሞላም። በርከክ ብላ ከጠረጴዛው ሥር አየች። አንዲት ክብ፣ መሐሏ ቀዳዳ የሆነች ብረት አገኘች፤ መካኒኮች ሮንዴላ የሚሏት። ቀና ስትል ግድግዳው ላይ የተሰቀለ፣ ሰዓትና ዋጋ የተጻፈበት ነጭ ሰሌዳ አየች። ቆማ ብዙ ተመለከተችው።

ኮሪደሩ ላይ ሰርኬ ትጮኻለች። ማዞሪያው ላይ ቅቤ የምትሸጥ፣ ሦስት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት።

«ትናንት ድርሻዬን ስጠኝ ብዬው ነበር!» አለች። «የቤት አከራዬ እጥፍ ጨምሪ ወይ ልቀቂ ብሎኛል። ‹ነገ አምስት ሰዓት ላይ ከረጢቱን ፈትቼ እሰጥሻለሁ› አለኝ። አምስት ሰዓት መጣሁ፤ ባንኳኳ፣ ባንኳኳ አይከፍትም። ለካስ ወርቄን በልቶ ነው የተደበቀው!»

«ከረጢቱ እንደሚፈታ ሌላ ማን ያውቅ ነበር?»

«መለዋወጫ ነጋዴው ጉልላት ያውቃል። ለጥንቃቄ ተብሎ የካዝናው ሁለተኛ ቁልፍ እሱ ዘንድ ነው። ጌድዮንም ያውቃል።»

ጌድዮን የሟቹ የእህት ልጅ ነው፤ ሥራው ስልክ ላይ ዋጋ እየተከታተለ መግዛትና መሸጥ። ደረጃው ላይ ተቀምጦ ስልኩን ያገላብጣል።

«አጎትህን የስልክ ንግድ ያስተማርከው አንተ ነህ?» አለችው ጤናዬ።

«ለመንኩት እንጂ አልተማረም። ‹ያላየሁትን አልገዛም› ነበር የሚለው። ዋጋ ማየት ብቻ ነው ያሳየሁት። በየሰዓቱ አይቶ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። ለሥራ የሚወጣ ቀን እንኳ ተመልሶ ያለፈውን ይሞላ ነበር። አንድ ቀን አስታጉሎ አያውቅም።»

«ዛሬ ወርቅ መቼ ነው የወደቀው?»

«ተኩስ ሊቆም ነው የሚለው ዜና ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ወጣ። ያኔውኑ ወደቀ። እኔም ተበልቻለሁ ኢንስፔክተር። የያዝኩት ሁሉ ሄዷል። ሰው ግን አልገደልኩም።»

የገመቹ ባለቤት የኔነሽ መኪና ውስጥ ተቀምጣለች። አታለቅስም። አጠገቧ የመኪና መለዋወጫ አስመጪው ጉልላት ቆሞ ውኃ ያቀርብላታል።

«ወይዘሮ የኔነሽ፣ መልእክቱ ሲደርስዎ የት ነበሩ?»

«አስኮ፣ ቤቴ። ወንድም ጉልላት ሊጠይቀኝ መጥቶ ምሳ አቅርቤለት ነበር። እጁን ሊታጠብ ባኞ ቤት ገብቶ ሲወጣ ስልኬ ጮኸ፤ የእሱም ጮኸ። አንብበን እየበረርን መጣን። በሩ ሲዘጉት ራሱ የሚቆለፍ ነው፤ በእኔ ቁልፍ ከፈትነው። እሱ ቀድሞ ገባና ‹እርስዎ አይዩት› ብሎ ያዘኝ።»

ጉልላት ራሱን ነቀነቀ። «እንደ አባት የማየው ሰው ነበር» አለ። ድምፁ እውነተኛ ሐዘን ነበረው፤ ጤናዬን ይበልጥ ያሳሰባት ይኸው ነው።

በሦስተኛው ቀን ጤናዬ ሁሉንም አስኮ፣ የኔነሽ ቤት ሰበሰበቻቸው። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፤ ወንበሮቹ ግን ባዶ ናቸው። የሌባ ለቅሶ ማን ይደርሳል? አሥራ ሁለቱም ቤተሰቦች ቀርተዋል። ሰርኬም የመጣችው ፖሊስ ስለጠራት ብቻ ነው፤ ለባልቴቲቱ እንኳን «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላለችም።

«ገመቹ ራሱን አልገደለም» አለች ጤናዬ። «ወርቅ መውደቁንም ሳያውቅ ነው የሞተው።»

የኔነሽ ቀና አለች።

«ሰሌዳውን አይቼዋለሁ። በዚያ ቀን ሁለት ሰዓትና ሦስት ሰዓት ላይ ዋጋውን ጽፏል። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። አንድም ሰዓት ሳያስታጉል የኖረ ሰው፣ ለሞት ያበቃኝ ያለውን ዋጋ ሳይጽፍ ይቀራል? የአራት ሰዓቱንም፣ የአምስት ሰዓቱንም አልጻፈም። ሰርኬ አምስት ሰዓት ላይ ስታንኳኳ ያልከፈተው ሞቶ ስለነበር ነው። ሐኪሙም ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሞተው ብሏል።»

«ታዲያ ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ማን ላከልን?» አለ ጌድዮን።

«ስልኩን ይዞ የሄደው ሰው። የኔትወርኩን መረጃ አስወጥቻለሁ። መልእክቱ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ አልተላከም። ከዚህ ከአስኮ ነው የተላከው።» ዞር አለች። «አቶ ጉልላት፣ እርስዎ ባኞ ቤት ገብተው ላኩት። ምሳ ላይ የተቀመጡት ባለቤቱ ራሷ ምስክር እንድትሆንዎ ነው። በኋላም እሷን በር ላይ አስቀርተው ቀድመው ገቡና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።»

ጉልላት ዓይኑን ወደ በሩ ወረወረ፤ ጤናዬ ቀጠለች።

«ከረጢቱ ውስጥ የነበረው ወርቅ አልነበረም። ገመቹ በየወሩ በእጁ ይመዝነው ነበር እንጂ ስፌቱን አይፈታም። እርስዎ ግን ቀድመው ፈትተው፣ በወርቁ ፈንታ ሮንዴላ ሞልተው መልሰው ሰፉት። ያን ጠዋት ለሰርኬ ሊያካፍል ቀድሞ ሲፈታው ዝርግፍ አለ። እርስዎ ለቅመው ሄዱ፤ አንዷ ቀረችልኝ። እንደሷ ያለው ብረት በሱቅዎ በካርቶን ተደርድሯል።»

ከዚያ ጉልላት ተናገረ፤ ማንንም አያይም።

«ኮንቴይነሬ ወደ ጅቡቲ ወደብ በመርከብ እየመጣ ነበር። ቀይ ባሕር ላይ መርከብ መመታት ሲጀምር አፍሪካን ዞረው ነው ያመጡት፤ የጭነቱ ዋጋ ሦስት እጥፍ ሆነ። ብሩ ደግሞ ወረደ። ዕቃውን የማወጣበት አጣሁ። ወርቁን ግራሙን በዘጠኝ ሺህ ሸጥኩት። ‹ጦርነቱ ይቆማል፣ ወርቅ ይወርዳል፣ መልሼ እገዛለሁ› ብዬ። ወጣ እንጂ አልወረደም። በየቀኑ ጦርነቱ እንዲቆም የምጸልየው ለሰላም አልነበረም።»

«መርዙንስ?» አለች ጤናዬ።

«ከረጢቱ እንደሚፈታ ስሰማ ይዤው ሄድኩ። እንዳልጠቀምበት እየጸለይኩ። ሮንዴላውን ሲያይ አልጮኸብኝም፤ ‹ሰርኬን ምን ልበላት?› ብቻ አለኝ። አንድ ወር ስጠኝ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅኩ። ‹ዛሬውኑ አብረን እንነግራቸዋለን› አለ። ሻዩን ያን ጊዜ ቀዳሁለት።» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ከሁለት ሰዓት በኋላ ወርቅ ወደቀ። ሁለት ሰዓት ብታገስ ኖሮ!»

«ምንም አይለወጥም ነበር» አለ ጌድዮን ቀስ ብሎ። «ከአሥራ ስምንት ሺህ ወደ አሥራ ስድስት ሺህ ተኩል ነው የወረደው። አንተ በዘጠኝ ሺህ ነው የሸጥከው። ያ ዋጋ ተመልሶ አይመጣም።»

ጉልላት ይህን ሲሰማ ነው ያለቀሰው።

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ሰርኬ እጅጌውን ያዘችው። «ብሩስ? ኮንቴይነሩስ?»

«ብሩ ጭነቱ ላይ አለቀ፤ ኮንቴይነሩ እዚያው ወደብ ላይ ነው» አለ። «የወደቡ ኪራይ ከዕቃው በልጧል።»

እጅጌውን ለቀቀችው። የልጆቿ መኖሪያ፣ የሦስት ዓመት የቅቤ ትርፍ፣ የአሥራ ሁለት ቤት ጥሪት፣ ሁሉም የለም። ይህን ጤናዬ ልትመልስላት አትችልም፤ ማንም አይችልም።

ሰርኬ ወደ የኔነሽ ዞረች። «እትዬ፣ ሌባ ብዬ በአደባባይ ሰድቤዋለሁ» አለች።

«ሰምቻለሁ» አለች የኔነሽ።

ሰርኬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ወጥታ ባዶው ድንኳን ፊት ለፊት ቆመችና፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ደረቷን እየመታች የገመቹን ስም እየጠራች መጮህ ጀመረች።